እሳቱ ሰ

«ከቤታችን ብሩሽ የያዝኩ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ» አለ ይታየው በስልኩ፤ ታላቅ ወንድሙ ቻላቸው ከግድግዳው ወዲህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ብሩሹን በናፍጣ እያጠበ ነበር።

ግድግዳው ግድግዳ መባሉ ለወጉ ነው እንጂ፣ ጭቃው ተሰነጣጥቆ በአሮጌ ጋዜጣ የተለበጠ ስለሆነ ከወዲያ ያነጠሰውን ሰው ከወዲህ «ይማርህ» ይሉታል። ቻላቸው እጁ ናፍጣው ውስጥ እንዳለ ደርቆ ቀረ። መጀመሪያ ጆሮው የዋሸው መሰለው። ይታየው ግን አዲስ አበባ ላለው የክፍል ጓደኛው ደገመለት። «አዎ፣ ስለ እኔ በሚለው ቦታ እንደዚያ ነው የጻፍኩት። ከገጠር የወጣ፣ ከቤቱ የመጀመሪያው ሠዓሊ። ሰው እኮ ታሪክ ይወዳል!» ብሎ ሳቀ። የሥዕል ትምህርት ቤት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ለጥምቀት መጥቶ ነው ንፋስ መውጫ የከረመው። «ያዝሁ»፣ «ጻፍሁ» ማለቱን ትቶ «ያዝኩ»፣ «ጻፍኩ» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ያስ ይሁን፤ ከተማ ነው፣ ምላስም እንደ ጫማ ይቀየራል። ግን የመጀመሪያው? በዚህ ቤት? በላይ ጋይንትና በእስቴ ስንትና ስንት አድባራት የሣሉት አባታቸው መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን እየደገሙ? የከተማውን ታፔላ ከዳር እስከ ዳር የጻፈው፣ ለዚህ ልጅ እርሳስ አያያዝ ያሳየው፣ የመጀመሪያዋን ብሩሽ የቆረጠለት ወንድሙ እዚህ ተቀምጦ? «አይ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር!» አለ ቻላቸው በሆዱ። ናፍጣው ጣቱን ይለበልበዋል፤ እሱ አልታወቀውም፤ የሚለበልበው ሌላ ቦታ ነበር።

ቅናት ነው እንዴ? ነው እንጂ! ሌላ ስም አያሻውም። ቻላቸው ቅናቱን ያውቀዋል፤ አብሮት የኖረ ነው። ወንድሙ የትምህርት ቤቱን ፈተና አለፈ ሲባል ከሁሉ በፊት እልል ያለው እሱ ነው፣ ወደ ጓሮ ዞሮ ድንጋዩን በእግሩ የጠለዘውም እሱ ነው። የአባታቸው ዓይን የሩቁን ማየት ተስኖት ከመሰላል ላይ የወረዱ ጊዜ፣ ቤቱን ማን ይያዘው ሲባል ማንም አልጠየቀውም፤ ዝም ብሎ ያዘው። ያኔ ቅር አላለውም ነበር። ዛሬ ግን ከያዘው ብሩሽ ተሠረዘ።

ቁርስ ላይ ይታየው የነገሩን ዓላማ ሊያስረዳ ተነሣ። የሻረግ፣ የቻላቸው ሚስት፣ የገብስ ቂጣ ቆራርሳ ሻይ ቀድታ ነበር። አስተማሪያቸው እያንዳንዱ ተማሪ የሥራዎቹን ድረ ገጽ እንዲሠራ አዝዟል፤ ዛሬ ማታ አድራሻቸውን ሰብስቦ ለጋለሪ ሰዎች ይልከዋል፤ እነሱ አይተው ከሁሉ አንዱን ለኤግዚቢሽን ይመርጣሉ። መሪጌታ ሻያቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ «የት ነው የሚሰቀለው?» አሉ።

«ኢንተርኔት ላይ ነው አባየ። ሥራዎቼን ሁሉ አንድ ቦታ እሰቅላቸዋለሁ፤ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ያያቸዋል።»

«አይቶ ይገዛል ወይስ አይቶ ይሄዳል?» አለች የሻረግ።

«መጀመሪያ ይይ እንጂ እትየ!» ይታየው እንደ ሰባኪ እጁን ዘረጋ። ዓላማው ብዙ ነው። ሥራው በየጥቅልሉ እንዳይጠፋ፤ የሚፈልገው ሰው በስሙ ፈልጎ እንዲያገኘው፤ ከዚያ ደግሞ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ። «ዛሬ ሥዕል ብቻውን አይበቃም። ሠዓሊው ራሱ መታየት አለበት» አለ።

መሪጌታ ተገረሙ። በእሳቸው ጊዜ ከሥዕል ግርጌ የሚጻፈው ያሣለው ሰው ስም ነው፤ ገንዘቡን የሰጠው፣ ተደፍቶ ከቅዱሱ እግር ሥር የሚታየው። የሣለው ሰው ስሙን አይጽፍም፤ ነውርም ኃጢአትም ነው። ቻላቸውም ይህንኑ ወርሶ፣ ሌሎች ታፔላ ጸሐፊዎች ስምና ስልካቸውን ጥግ ላይ ሲለጥፉ እሱ አንድም ቀን አልጻፈም። ሕዝቡ ፋርማሲውን የሚያገኘው፣ ትምህርት ቤቱን የሚለየው፣ «ሽንት መሽናት ክልክል ነው» የሚለውን አንብቦ እዚያው የሚሸናው በእሱ ፊደል ነው፤ የማን እጅ እንደሆነ ግን አይጠይቅም። መሪጌታ ሳቅ ብለው «እንግዲህ እኔም ይታየው ብዬ ስም ያወጣሁልህ ለዚህ ኑሯል» አሉ። ሁሉም ሳቁ። ቻላቸው ደግሞ ስሙ ቻላቸው ነው፤ ቻለ። ልጁ ያችን ዓረፍተ ነገር ባባቱ ፊት ይደግማት እንደሆነ ጠበቀ፤ አልደገማትም። እሱም አላነሣትም። ቀናብኝ እንዳይባል ከቂጣው ጋር ዋጣት፤ ቂጣው ወረደ፣ እሷ ጉሮሮው ላይ ቀረች።

ከቁርስ በኋላ ሥዕሎቹን በግቢው ውስጥ ፎቶ ማንሣት መጣ። ሸራዎቹ ተጠቅልለው ነው የመጡት፤ ከተማው ደግሞ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም፣ በጥር ነፋሱ ቆርቆሮ ይነቅላል። ይታየው አንዱን በምስማር ግድግዳ ላይ ቢመታው ነፋሱ እንደ ሸማ አርገበገበው። ስለዚህ ቻላቸው ከኋላ ቆሞ ሸራውን በሁለት እጁ ወጥሮ እንዲይዝ ሆነ። እንደ ታፔላ ቆመ። ፊቱ ከሸራው ጀርባ ነው፤ የሚታየው ጥሬ ጨርቅና የቀለም እድፍ ብቻ ነው። ከፊት ወንድሙ «ወደ ላይ… ትንሽ ወደ ግራ… በቃ!» ይላል። የሻረግ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ባሏን እንዲያ ተሰቅሎ ብታየው «አንተ ሰው፣ አንተንም ሊሸጥህ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ጣትህ ይታያል። ትንሽ ደብቃት።»

«ብትታይ ምን አለበት?»

«ግድ የለም፣ በኋላ እቆርጣታለሁ» አለ ይታየው፣ ስልኩን እያየ።

ቻላቸው ጣቱን ተመለከታት። ሰማያዊ ቀለም ጥፍሯ ሥር ገብቶ የማይወጣ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ብሩሽ የተደገፈባት ጣት ናት። እቆርጣታለሁ! ሸራውን ለቆ ሊሄድ ቃጣው። ይልቁን ጣቱን አጥፎ ያዘ። አንዱ አልቆ ሌላው ሲተካ ሥዕሎቹን ገልበጥ እያደረገ ያይ ጀመር፤ ደካማ ነገር ቢያገኝባቸው ብሎ ነው እንጂ ለፍቅር አይደለም። የአርብ ገበያ አህዮች አሉ፤ እግራቸው ረዝሟል፣ ይህ ስሕተት ነው ብሎ ተደሰተ። ቆይቶ ሲያየው ግን እግራቸው የረዘመው ጥላቸው ስለተዘረጋ ነው፤ ረፋድ ላይ ገበያ ሲገቡ ልክ እንዲያ ናቸው። ደስታው ጠፋ። መጨረሻ የተዘረጋው አባታቸው ነበሩ። ፊታቸው አይታይም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸውን ነፋስ ነፍቶታል፣ ከዚያ ውጭ ምንም የለም። ነገር ግን እሳቸው ናቸው። ያን የትከሻ ዝቅ ማለት ማን ያጣዋል? ቻላቸው አባቱን በታፔላ ጀርባ ላይ ስንት ጊዜ ሞክሮ ስንት ጊዜ በነጭ ቀለም አጥፍቷቸዋል። ሁልጊዜ ፊታቸውን ነበር የሚሥለው፤ ፊታቸውም ሁልጊዜ የጻድቅ ፊት እየሆነ ያስቸግረዋል። ከጀርባ መሣል አንድ ቀን እንኳ አልታሰበውም። ምነው መጥፎ በሆነ! መጥፎ ቢሆን ኖሮ ወንድሙን እንዴት በወደደው፣ እንዴት አቅፎ ባጽናናው! «ጥሩ ነው» አለ፤ ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ ወጣ።

ረፋዱ ላይ ወደ ሱቁ ወረዱ። ሱቁ ከአስፋልቱ ዳር ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ከበሯ ሥር የቀለም ጣሳ፣ ከግድግዳዋ ያልተጻፉና የተጻፉ ላሜራዎች ተደግፈዋል። ባጃጁ ያፏጫል፣ ሚኒባስ ረዳቱ «ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር!» ይላል። ገና አረፍ ከማለታቸው ካሣነሽ መጣች፤ ምግብ ቤት ከፍታ ታፔላ ያዘዘች ሴት ናት። ይታየውን ስታይ «እሰይ፣ ሠዓሊያችን መጥቷል!» ብላ አገላብጣ ሳመችው። ወደ ቻላቸው ዞር ብላ ደግሞ «አንተስ ታፔላዬን ለፋሲካ ነው የምትሰጠኝ?» አለች።

«ዛሬ ይደርሳል።»

«ኧረ ይኸ ልጅ ቢጽፍልኝስ? ተምሮ መጥቶ የለም እንዴ! ትንሽ ጥበብ ይግባበት እንጂ።»

ቻላቸው መልስ እስኪያገኝ ይታየው በሳቅ «አይ እትየ ካሣነሽ፣ እኔ ታፔላ አልጽፍም» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ አንድ ሰው «እኔ ዓሣ አልበላም» እንደሚለው ነው ያለው። ካሣነሽም «ልክ ነው፣ አንተማ ትልቁን ነው የምትሠራ» ብላ ይቅርታ እንደ መጠየቅ አለች። ቻላቸው የቀለም ጣሳ ክዳን በቢላ ከፈተ፤ ቢላው አመለጠውና አውራ ጣቱን ጫረው። ቀኑ ገና አልተጋመሰም ነበር።

ካሣነሽ ስትሄድ ይታየው አጠገቡ ቁጢጥ አለ። ልመና ሲኖረው እንደዚያ ነው፤ ሕፃን ሆኖም እንዲያው ነበር። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። የኮምፒውተሩ ፊደል ሁሉ አስቀያሚ ነው፤ ሞክሬ ሞክሬ ጠላሁት። ከድረ ገጹ ራስ ላይ ስሜን ባንተ እጅ ጻፍልኝና ፎቶ አንሥቼ ላስገባው። ሠዓሊ ይታየው ቀለመ ወርቅ በልልኝ። እንዳንተ የሚጽፍ ሰው አዲስ አበባም አላየሁም።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ሌላ ቀን ብትሆን ቻላቸውን ለሳምንት ትመግበው ነበር። ዛሬ ግን ከፎቶው የምትቆረጠው ጣቱ ትዝ አለችው። ንጹሕ ላሜራ ነጭ ቀባ፣ እስኪደርቅ ጠበቀ፣ ክር በጠመኔ ነክሮ መስመሩን መታ። ከቀኝ ጀምሮ የመሥራት ልማድ አለው፤ አስቀድሞ «ቀለመ ወርቅ» ጻፈ፣ አባታቸው ናቸውና ከልቡ ጻፈው። «ይታየው» ጻፈ። ከዚያ ለ«ሠዓሊ» የተተወው ባዶ ቦታ ላይ ደረሰና እጁ ቆመ።

ልጅ ሳለ መሪጌታ ቁም ጽሕፈት ሲያስተምሩት ፊደላቱን በስማቸው ነበር የሚጠሩለት። ንጉሥ የሚጻፍበት «ንጉሡ ሠ» ነው፣ እሳት የሚጻፍበት «እሳቱ ሰ»። ዓይን የሚጻፍበት «ዓይኑ ዐ» ነው፣ ሌላው «አልፋው አ»። ዛሬ ሰው ሁሉ ደባልቆ ይጽፋቸዋል፤ በግእዝ ግን ወዮለት። በንጉሡ ሠና በዓይኑ ዐ የተጻፈ ሠዓሊ ሥዕል የሚሥል ነው። በእሳቱ ሰና በአልፋው አ ሲጻፍ ሰአሊ ለማኝ ማለት ነው። አንድ ቀን ቻላቸው ተሳስቶ አባቱን «ሰአሊ» ብሎ በእሳቱ ጽፎላቸው ነበር። መሪጌታ አልመቱትም፤ የቆሎ ተማሪ እህል የሚለምንበትን አኮፋዳ ከግድግዳ አውርደው አንገቱ ላይ አጠለቁለትና «በል እንግዲህ አባትህ ለማኝ ከሆነ ውጣና ለምንለት» ብለው ከደጅ አቆሙት። የሰፈሩ ሰው ሲስቅበት ዋለ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ተኝቶም አይስታት። ይታየው በዘመናዊ ትምህርት ቤት ያደገ ነው፤ ለእሱ ሁሉም ሰ፣ ሁሉም አ ነው።

ቻላቸው ብሩሹን ነከረ። እሳቱን ሰ ጻፈ። ቅስቱን አሳምሮ፣ ሁለቱን እግሮች አስተካክሎ፣ እንደዚያን ቀን ቆንጆ አድርጎ ጽፎ አያውቅም። አልፋውን አ አስከተለ። ሊን ጨመረ። ለማኝ ይታየው ቀለመ ወርቅ። በሆዱ ውስጥ አንድ ሙቅ ነገር ፈሰሰ፤ እንደ ጠጅ ጣፈጠው። ከቤቱ የመጀመሪያው! እንግዲህ ከቤቱ የመጀመሪያው ለማኝ ሁን!

ይታየው መጥቶ አየውና እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ኧረ ጋሼ! እጅህ ይባረክ! እየው፣ እየው እስኪ ይህን ሰ!» አለ፤ እዚያችው ፊደል ላይ ነው ዓይኑ ያረፈው። ፎቶውን አነሣና በሩጫ ወደ ደምሌ ኢንተርኔት ቤት ተሻገረ።

ቻላቸው የካሣነሽን ታፔላ ያዘ። እያፏጨ ጀመረ። በየመሐሉ ወደ ደምሌ በር ቀና ይላል፤ በመስተዋቱ የወንድሙ ጀርባ ይታያል፣ ጎብጦ ይጽፋል። ማን ያውቀዋል? እያለ ይስቃል። የጋለሪ ሰዎች ግእዝ አያውቁ። አስተማሪው አያውቅ። የሚያውቅ ቢኖር አይቶ ፈገግ ይላል፣ በቃ። ማንም የማያውቀው ስድብ ምን ይጎዳል? ደግሞ ይገርመዋል፤ ማንም የማያውቀው ስድብ ምን ያስደስታል? ፉጨቱ መቼ እንደቆመ አልታወቀውም። «ካሣነሽ ምግብ ቤት» የሚለውን ጽፎ ሲጨርስ የ«ምግብ»ን ም ተጣሞ አገኘው፤ በጨርቅ ጠርጎ እንደገና ጻፈው። የዛሬ ስንት ዓመት ነው ፊደል የጠረገው? ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አልነበረም፤ ቢሆን ኖሮ ያጨስ ነበር።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ይታየው መንገዱን ባጃጅ ሊገጨው እየቀረበ አቋርጦ መጣ። «ተከፈተ! ጋሼ፣ ተከፈተ! ለአስተማሪዬም ላክኩለት!» ብሎ አቀፈው። ልጁ ከእሱ ይረዝማል፤ ሲያቅፈው አገጩ ከቻላቸው ራስ ላይ ያርፋል። ልቡ በሸሚዙ ውስጥ ሲደልቅ ይሰማል። ቻላቸው አሁን ይንገረው፣ አሁን፣ ሰዓቱ አላለፈም፣ ደምሌ ቤት ገና ክፍት ነው። አፉን ከፈተ። «እንኳን ደስ አለህ» አለ። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ ከመንገዱ ማዶ ደምሌ «በቃ ዛሬ አለቀልን!» እያለ መዝጊያውን ሲያንኳኳ ተሰማ።

ቤት ሲደርሱ የሻረግ ፋኖስ አብርታ ነበር። መሪጌታ መደባቸው ላይ ተደግፈዋል። ዓይናቸው ሩቁን ቢከዳቸውም ቅርቡን አልከዳቸውም፤ ይታየው ስልኩን አፍንጫቸው ሥር አምጥቶ ሥዕሎቹን ባንድ ጣቱ እየገፋ ያሳያቸው ጀመር። አህዮቹን አይተው «ገበያ ዘግይተዋል» አሉ። የራሳቸውን ጀርባ ሲያዩ ስልኩን ይበልጥ አስጠጉት። «ይህ እኔ ነኝ? እኔ ጀርባዬን አላውቀውም» አሉ በመጨረሻ። ይታየው በደስታ ሰክሮ ነበርና ስለ እኔ የሚለውንም ከፈተና ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ ልጅ ነው፣ ሳያስበው አነበበው። ከቤቴ ብሩሽ የያዝኩ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ እስከሚለው ድረስ። የሻረግ ወጡን ማማሰሏን አቆመች።

መሪጌታ አልተቆጡም። «የእኔስ ደግ ነው» አሉ። «እኔ የሣልሁት የታቦቱ ነው፤ ስም አልሻሁበትም። ግን ቻላቸውን የት አደረግኸው?»

«ጋሼማ… ታፔላ እኮ ነው አባየ።»

«ታፔላ!» ከተደገፉበት ቀና አሉ። «እኔ ከመሰላል ስወርድ ይህን ቤት ያቆመው የማን ብሩሽ ነው? አንተን አዲስ አበባ ያደረሰህ? ይህን የምበላውን እንጀራ? ብሩሽ ብሩሽ ነው ልጄ። እጅ ከሆነ፣ ከእኔም ከአንተም የእሱ ይበልጣል። ይህን አልነገርሁትም፤ እንዳይታበይ ብዬ። ዛሬ ልናገረው።»

ቻላቸው በሩ ሥር ቆሞ ነበር። ይህን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት ጠበቀ! በሕልሙ ሰምቶት ያውቃል፤ በሕልሙ ግን እንዲህ አያምም ነበር። ሄዶ ያን ስልክ ከወንድሙ እጅ ነጥቆ ከድንጋይ ላይ ቢፈጠፍጠው፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው።

ይታየው ፊቱ ቀልቶ «ልክ ነዎት አባየ፣ ያንን አርመዋለሁ» አለ። ቀጥሎም እንደ ማካካሻ «ግን እኮ አልረሳሁትም! እዩ፣ ራሱ ላይ ያለውን እሱ ነው የጻፈልኝ፤ ስሙንም ከሥሩ አድርጌለታለሁ። እሱ የራሱን ስም አይጽፍም ብዬ እኔ ጻፍኩለት» አለና ስልኩን መልሶ አቀረበላቸው።

ከትልቁ ጽሑፍ ሥር በጥቃቅን ፊደል «ፊደሉን የጻፈው ታላቅ ወንድሜ ቻላቸው ቀለመ ወርቅ፣ ንፋስ መውጫ» ይላል።

መሪጌታ እንደ ጥንት ልማዳቸው ጣታቸውን በእያንዳንዱ ፊደል ሥር እያስኬዱ አነበቡ። ጣታቸው የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ ሄደ፣ ሁለተኛዋ ላይ ሄደ፣ ተመለሰና እንደገና ከመጀመሪያዋ ጀመረ። ከዚያ ቆመ። ወጡ ይንተከተካል። ከደጅ ነፋሱ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ስልኩን ቀስ ብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡትና ቀና ሳይሉ «ቻላቸው» አሉ።

«አቤት አባየ።»

«ንጉሡን አውርደህ እሳት አነደድህበት። ዓይኑንም አወጣኸው። ምን በደለህ?»

«ተሳስቼ ነው አባየ።»

«አልተሳሳትህም» አሉ መሪጌታ፤ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፣ ያ ነው የከፋው። «አንተ ፊደል አትሳሳትም። በዚህ አገር እንዳንተ ፊደል የሚያውቅ የለም። እኔ ነኝ ያስተማርሁህ።»

ይታየው አንዴ አባቱን አንዴ ወንድሙን ያያል። «ምንድነው? ምን ተሳሳተ?» መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ልጁ ጥያቄውን ወደ ቻላቸው አዞረ። ቻላቸው ሊያመልጥበት የሚችል በር ከኋላው ክፍት ነበር፤ አልወጣም።

«ለማኝ ይላል» አለ። «በእሳቱ ሰና በአልፋው አ ሲጻፍ ለማኝ ማለት ነው። አውቄ ነው የጻፍሁት። ጠዋት በስልክ ያልኸውን ሰምቼ፣ ቀንቼ።»

ይታየው ስልኩን ከአባቱ ጭን አንሥቶ ጽሑፉን ብዙ ጊዜ አየው፤ አሁንም የሚታየው ያው ውብ ፊደል ነው። «ለምን አልነገርኸኝም ጋሼ?» አለ። ከመጣ ጀምሮ የአገሩን አነጋገር የተናገረው ያን ጊዜ ነው። «ብትነግረኝ ጠዋቱን አርመው ነበር።»

ቻላቸው «ነገ በማለዳ አዲስ ላሜራ ቀብቼ እንደገና እጽፍልሃለሁ። በንጉሡ። ከዚህኛው አስበልጬ» አለ።

«ይቅር ጋሼ» አለ ይታየው። አልጮኸም፣ አልተቆጣም። ስልኩን ኪሱ ከተተ። «የኮምፒውተሩ ፊደል ይበቃኛል።»

የሻረግ ራት አቀረበች። እጅ ታጠቡ፤ መሪጌታ ባረኩ። ካንድ መሶብ በሉ፣ ማንም ለማንም አላጎረሰም። ገጹን በስልክ ማረም አይቻልም፤ ደምሌ የሚከፍተው መብራት ሲመጣ ነገ ነው። እስከዚያ ግን ቻላቸው ዕድሜውን ሙሉ በየትም ያልጻፈው ስሙ፣ ከዚያች ከእሳቱ ሰ ሥር ሆኖ ለዓለም ሁሉ ይታያል።